ያለ ቈጣሪ የውሃን ፍሰት ስለ መገመት
ፓምፕና የአየር ማቀዝቀዣ ለሚያስመጡ፥ ሕንፃም ለሚያሠሩ ነጋዴዎች

ለሕንፃ የሚሆን የአየር ማቀዝቀዣ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡን የሚከፍለው በወረቀት ላይ ለተጻፈ አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ይህ ፓምፕ በሰከንድ ይህን ያህል ሊትር ውሃ ያዞራል፤ ይህ መኪና ይህን ያህል ሙቀት ያነሣል» የሚል ነው። ዕቃው ከተተከለ በኋላ ግን ውሃው በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ስለሚዞር ቃሉ መፈጸሙን በዐይን አይቶ መመስከር አይቻልም። በቧንቧው ላይ የፍሰት ቈጣሪ ቢኖር ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን ወጪ ይቀነስ ሲባል ከዕቃው ዝርዝር አስቀድሞ የሚሰረዘው ብዙ ጊዜ ይኸው ቈጣሪ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹ አልቀዘቅዝ ያሉ ቀን ሻጩ «ፓምፑ አንሷል፥ ሌላ ትልቅ ይታዘዝ» ይላል፤ ገዢውም የሚከራከርበት ማስረጃ በእጁ የለውም።

ማስረጃው ግን ሳይታወቅ ቀርቶ ነው እንጂ በቤቱ አለ። የግፊት መለኪያ፥ ሁለት ቴርሞሜትር፥ ሰዓትና የመብራት ቈጣሪ ያለው ሰው የሚዞረውን ውሃ ልክ ለንግድ ውሳኔ በሚበቃ ትክክለኛነት ሊገምት ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የብር ዋጋ በብዙ ዝቅ ካለ ወዲህ፥ ሳያስፈልግ የታዘዘ አንድ ፓምፕ በነጋዴው ሒሳብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀድሞ ከነበረው እጅግ የከበደ ሆኗል።

ለምሳሌ ያህል የአረካን ነጋዴ ነገር መመልከት ይቻላል። አረካ በወላይታ ዞን፥ ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ጠባይ ልዝብ ስለ ሆነ ለተራ ሱቅ መስኮት መክፈት ይበቃል። ነገር ግን የአረካ ነጋዴ ካፒታሉ ሲደረጅ በአረካ ብቻ አይሠራም፤ በሶዶ፥ በሐዋሳ ወይም በአርባ ምንጭ ሆቴልና የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ያቆማል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሞ ወላይታ ሶዶ የአስተዳደር ማእከል ከሆነች ወዲህ ደግሞ የሕንፃ ነገር የአካባቢውን ባለ ገንዘብ ይበልጥ የሚመለከት ሆኗል። በአረካም ቢሆን ውሃን ከምድር ቤት ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ፓምፕ የሌለው ፎቅ ቤት አይታሰብም፤ ትምህርቱም ከዚህ ቢጀመር ይቀላል።

በጣሪያ ላይ ባለው ታንከር

ፓምፑ የሚያወጣው ውሃ በመጨረሻ ክፍት ወደ ሆነ ዕቃ የሚፈስ ከሆነ ከሰዓትና ከሜትር በቀር ሌላ መሣሪያ አያሻም። በተለምዶ «ሮቶ» የሚባለው ክብ የፕላስቲክ ታንከር በጣሪያ ላይ ተቀምጧል እንበል። የታንከሩ የጐን ስፋት በውስጥ በኩል 1.8 ሜትር ቢሆን የውሃው ፊት ስፋት 2.54 ካሬ ሜትር ነው። ከታንከሩ ወደ ታች የሚወርደው ቧንቧ ተዘግቶ ፓምፑ ይነሣ፤ በንጹሕ እንጨት ላይ ምልክት ተደርጎ ውሃው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ያለው ጊዜ ይቈጠር። 2.54 በ0.20 ሲባዛ 0.508 ሜትር ኩብ፥ ይኸውም 508 ሊትር ነው። ይህ በ2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ቢሞላ ፓምፑ በሰከንድ 3 ሊትር ያህል ያወጣል ማለት ነው። የመብራቱ ኀይል ከሰዓት ሰዓት ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ፥ ልኬቱ አንድ ጊዜ ጧት፥ አንድ ጊዜ ቀትር ላይ፥ አንድ ጊዜም ማታ ቢደገም ይሻላል።

ትንሽ ፓምፕ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ደግሞ በቢጫው የዘይት ጀሪካን ሊፈትን ይችላል። በዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታወቅ አለበት፤ 20 ሊትር የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል። መድኃኒቱ በሱቁ ውስጥ ያለው ሚዛን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ባዶው ጀሪካን ተመዝኖ፥ ውሃ ተጨምሮበት ክብደቱ በ20 ኪሎ ሲበልጥ፥ ውሃው በደረሰበት ላይ መሥመር ማስመር ነው። ውሃው እዚያ መሥመር ላይ ለመድረስ 10 ሰከንድ ከፈጀበት ፍሰቱ በሰከንድ 2 ሊትር ነው። በገዢው ፊት እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ በዕቃው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ቍጥር የሚበልጥ ማስታወቂያ አገኘ።

ውሃው በተዘጋ መንገድ ሲዞር

የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ ወደ ጀሪካን አይፈስም። ማቀዝቀዣው መኪና ውሃውን በ7 ዲግሪ ገደማ ያወጣል፤ ፓምፑ ወደየክፍሉ ያደርሰዋል፤ በክፍሉ ያለው ማራገቢያ አየሩን በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ይነፋል፤ ውሃውም የክፍሉን ሙቀት ተሸክሞ በ12 ዲግሪ ገደማ ይመለሳል። ይህ ዙር ሳይከፈት ሌሊትና ቀን ይኖራል። ስለዚህ ፍሰቱን ማወቅ የሚቻለው ውሃው ሲያልፍ በሚተወው ምልክት፥ ማለትም በግፊትና በሙቀት ነው።

ይህ ዐይነቱ ብልኀት አዲስ አይደለም። የፈረንሳይ ተወላጅ የሆነው ሄንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 ዓ.ም. በፓሪስ በሴን ወንዝ ውስጥ ጫፉ የታጠፈ የመስተዋት ቱቦ አስገብቶ፥ በቱቦው ውስጥ ውሃው ከፍ ያለበትን ልክ በማየት የወንዙን ፍጥነት አወቀ። የአየር ማቀዝቀዣ ራሱ የተጀመረውም ለምቾት ሳይሆን ለንግድ ነበር፤ ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት መኪናውን የነደፈው ወረቀቱ በአየሩ እርጥበት እየሰፋና እየጠበበ የቀለማቱን ሥራ ስላበላሸበት ነው።

አሁን አንድ የአረካ ነጋዴ በሶዶ ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል ሠራ እንበል። በውሉ መሠረት ማቀዝቀዣው መኪና 210 ኪሎዋት ሙቀት ያነሣል፤ ፓምፑም በ20 ሜትር ከፍታ በሰከንድ 10 ሊትር ያዞራል። ሥራው ተፈጸመ ተብሎ ቍልፉ ተሰጠው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ከፓምፑ በጣም ርቀው ባሉት ክፍሎች የሚያድሩ እንግዶች ስለ ሙቀት ያማርሩ ጀመር። ሠራተኞች መጥተው አዩና ትልቅ ፓምፕ መታዘዝ አለበት አሉት። ነጋዴው የማዘዣውን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ሦስት ምስክሮችን ሊጠይቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ምስክር፥ በፓምፑ ግራና ቀኝ ያለው ግፊት

ፓምፑን የሠራው ፋብሪካ ከዕቃው ጋር ግራፍ ይልካል። ግራፉ ፓምፑ ውሃን ስንት ሜትር ከፍ ሲያደርግ ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ያሳያል። ከፓምፑ መግቢያና መውጫ ላይ ግፊቱን ለክቶ ልዩነቱን ወደ ሜትር መለወጥ ነው፤ አንድ ባር 10.2 ሜትር የውሃ ከፍታ ነው። በነጋዴው ሆቴል በመግቢያው 1.1 ባር፥ በመውጫው 3.5 ባር ተነበበ እንበል። ልዩነቱ 2.4 ባር፥ ማለትም 24.5 ሜትር ነው። በግራፉ ላይ በ24.5 ሜትር አንጻር የሚገኘው ፍሰት በሰከንድ 7 ሊትር ሆነ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግፊቱ ከታሰበው ከፍ ብሎ ሲያገኘው «ፓምፑ ብርቱ ነው» ብሎ ስለሚደሰት ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ መንገዱ ሲጠብበት ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ውሃው ግን ያንሳል፤ ሞተሩ የሚስበው የመብራት ኀይልም ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ግፊትና ዝቅ ያለ አምፔር አብረው ከታዩ በመንገዱ ላይ ውሃውን ያነቀው ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ፓምፑ ያረጀ ወይም ያነሰ ቢሆን ኖሮ ግፊቱም ዝቅ ባለ ነበር።

የንባቡ ትክክለኛነት በጥቃቅን ነገር ላይ ይመሠረታል። በሁለት ልዩ ልዩ መለኪያዎች ከመለካት ይልቅ አንዱን መለኪያ ከመግቢያው ነቅሎ በመውጫው ላይ መሰካት ይሻላል፤ መለኪያው ስሕተት ቢኖርበት ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ስለሚገባ በልዩነቱ ውስጥ ይጠፋል። መለኪያው የሚሰካባቸው ሁለቱ አፎች አንዱ ከሌላው በአንድ ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ 0.1 ባር ያህል ስለሚያሳስት በሒሳቡ ውስጥ ይታሰብ።

ከዚህም በላይ በፓምፑ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው መዘውር በግራፉ ላይ እንደ ተጻፈው ስፋት መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ፋብሪካዎች መዘውሩን እየላጡ በልዩ ልዩ ስፋት ይሸጣሉና። ማረጋገጫውም የመውጫውን ቫልቭ ለጥቂት ሰከንዶች ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ግፊቱን ማንበብ ነው። ምንም ውሃ በማይፈስበት ጊዜ የሚነበበው ከፍታ በግራፉ ላይ ከየትኛው መሥመር መነሻ ጋር እንደሚገጥም ሲታይ የመዘውሩ ስፋት ይታወቃል። ቫልቩን ከደቂቃ በላይ ዘግቶ ማቈየት ግን በፓምፑ ውስጥ የቀረውን ውሃ ስለሚያሞቀው አይፈቀድም።

በዚህ ስፍራ አስመጪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ሌላ ጕዳይ አለ። የኢትዮጵያ የመብራት ኀይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን፥ የአሜሪካ ግን 60 ነው። በ60 የተጻፈ ካታሎግ ያለው ፓምፕ በእኛ አገር መብራት ሲሠራ የሚሽከረከረው በስድስት አምስተኛው ሳይሆን በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ እንዲህ ሲቀንስ ፍሰቱ ከመቶ 83፥ ከፍታው ከመቶ 69 ብቻ ይሆናል። በካታሎጉ በ20 ሜትር 10 ሊትር ያወጣል የተባለው በአረካ በ13.9 ሜትር 8.3 ሊትር ያወጣል ማለት ነው። ፓምፑ ሐሰተኛ ስላልሆነ ሻጩን መክሰስ አይቻልም፤ ጥፋቱ ወረቀቱን ሳያነቡ ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው ምስክር፥ በማቀዝቀዣው መኪና ውስጥ የሚቀረው ግፊት

ውሃው በማቀዝቀዣው መኪና ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ከግፊቱ ጥቂት ይቀንሳል። ፋብሪካው በሰከንድ 10 ሊትር ሲያልፍ 50 ኪሎ ፓስካል ይቀንሳል ብሎ በሠንጠረዡ ጽፏል እንበል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የሚቀንሰው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍሰቱ በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በሆቴሉ የተነበበው 22 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፥ 22 ለ50 ሲካፈል 0.44 ነው፤ በራሱ ተባዝቶ 0.44 የሚሰጠው ቍጥር 0.66 ስለ ሆነ ፍሰቱ ከ10 ሊትር 0.66ኛው፥ ማለትም 6.6 ሊትር ነው።

ይህ ዘዴ ከፓምፑ ግራፍ ይልቅ የታመነ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የብዙ ፓምፖች ግራፍ በመጀመሪያው ክፍል ጠፍጣፋ ስለ ሆነ የግፊቱ ንባብ በጥቂቱ ቢሳሳት ፍሰቱ በብዙ ይሳሳታል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የግፊቱ ንባብ ከመቶ 10 ቢሳሳት ፍሰቱ የሚሳሳተው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ዘዴው የሚሠራው ቱቦዎቹ ንጹሓን ሲሆኑ ነው። ቱቦው ኖራና ዝገት ከያዘው ግፊቱ በቈሻሻው ምክንያት ስለሚጨምር፥ ፍሰቱ ከእውነተኛው በልጦ ይገመታል፤ ይህ ስሕተት ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ስለዚህ የዚህ ምስክር ቃል በተለይ የሚደመጠው ዕቃው አዲስ በሆነበት ወራት ነው፤ ባለቤቱም በርክክቡ ቀን የተነበበውን ቍጥር በመዝገብ ቢያኖር ከዓመታት በኋላ ቱቦው መቈሸሹን በዚያ ያውቃል።

ሦስተኛው ምስክር፥ ሙቀት

አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ወይም ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ኀይል የታወቀ ነው። በሰከንድ አንድ ሊትር የሚፈስ ውሃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ 4.19 ኪሎዋት ተሸክሟል። ስለዚህ የተነሣው ሙቀት በኪሎዋት ከታወቀ፥ ለ4.19ና ለዲግሪው ልዩነት ቢካፈል ፍሰቱ ይገኛል። ውሉ ትክክል ከሆነ 210 ኪሎዋት በ5 ዲግሪ ልዩነት በሰከንድ 10 ሊትር ይሰጣል።

በሆቴሉ ግን ውሃው በ14 ዲግሪ ተመልሶ በ7 ዲግሪ ሲወጣ ተገኘ፤ ልዩነቱ 7 ዲግሪ ነው። መኪናው በዚያ ሰዓት 200 ኪሎዋት ያህል እንደሚያነሣ ከሞተሩ የመብራት ፍጆታና ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ታወቀ እንበል። 200 ለ4.19 ለ7 ሲካፈል 6.8 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ አንደኛው ምስክር 7፥ ሁለተኛው 6.6፥ ሦስተኛው 6.8 ብለዋል። ሦስቱም በልዩ ልዩ መንገድ መጥተው በአንድ ቦታ ስለ ተገናኙ ነገሩ የሚያጠራጥር አይደለም፤ በሆቴሉ የሚዞረው ውሃ ከውሉ በሢሶ ያህል አንሷል፤ ፓምፑ ግን ጤነኛ ነው።

የዚህ ዐይነት ጕድለት የተለመደው ምክንያት ከፓምፑ በፊት ያለው ማጣሪያ ወንፊት ነው። ቧንቧው ሲበየድ የወደቀ የብረት ፍርፋሪ፥ የግንበኛ አሸዋና የቀለም ቅርፊት ተጠርጎ ሳይወጣ ውሃው ስለሚለቀቅበት በጥቂት ወራት ወንፊቱን ይደፍነዋል። ፓምፑን አቁሞ፥ ሁለቱን ቫልቮች ዘግቶ፥ ወንፊቱን አውጥቶ ማጠብ የአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የግፊቱ ልዩነት ከ2.4 ወደ 2 ባር ገደማ ቢወርድ ፍሰቱ ወደ 10 ሊትር መመለሱን ያመለክታል። በግማሽ የተከፈተ ቫልቭም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ አስቀድሞ ይታይ።

ትልቅ ፓምፕ ታዝዞ ቢሆንስ ኖሮ? በዚያው በታነቀ መንገድ ውሃውን ከ6.7 ወደ 10 ሊትር ለማድረስ ፍሰቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨምራል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ኀይል ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ነጋዴው ለፓምፑ የውጭ ምንዛሪ፥ ለቀረጥ፥ ለመጓጓዣና ለመትከያ ከከፈለ በኋላ፥ የቈሻሻውን ዕዳ በየወሩ ለመብራት ይከፍል ነበር።

የመብራት ቈጣሪው እንደ ውሃ ቈጣሪ

የሙቀቱ ዘዴ አስቸጋሪ የሚሆነው የተነሣው ኪሎዋት በትክክል ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ሆቴሉ ውሃውን በመብራት የሚያሞቅና በቧንቧ የሚያዞር ከሆነ ግን ይህ ችግር የለም። ሌላው መብራት ሁሉ ጠፍቶ ማሞቂያው ብቻ ሲሠራ የመብራት ቈጣሪው በ6 ደቂቃ 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ቢቈጥር፥ 6 ደቂቃ የሰዓት አንድ ዐሥረኛ ስለ ሆነ ኀይሉ 42 ኪሎዋት ነው። ውሃው ገብቶ ሲወጣ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ከጨመረ ፍሰቱ በሰከንድ 2 ሊትር ነው። የመብራት ቈጣሪ የንግድ ሒሳብ የሚታሰብበት የታመነ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ ከሁሉም የተሻለውን ልኬት የሚሰጠው ምናልባት ይህ ዘዴ ነው።

ኀይልና ከፍታ ከታወቁ ፍሰት ይታወቃል የሚለው ሕግ ከሆቴል እስከ ታላላቁ ግድብ ድረስ አንድ ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት እያንዳንዳቸው 187 ሜጋዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች አሉት። ውሃው 200 ሜትር ይወርዳል፥ ተርባይኑም ከመቶ 90 ይጠቀምበታል ብለን ብናስብ፥ አንዱ ተርባይን በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ በሰከንድ 106 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንደሚያልፍበት ወደ ወንዙ ሳይወርዱ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል።

ቴርሞሜትሮቹ ግን መፈተን አለባቸው። የሚፈለገው ልዩነት 5 ዲግሪ ሲሆን ግማሽ ዲግሪ ስሕተት ከመቶ 10 ያሳስታል። ሁለቱን በአንድ ማሰሮ ውሃ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት መጻፍና ከንባቡ መቀነስ ይበቃል። በበረዶ ውሃ ውስጥ በአረካም ሆነ በጅቡቲ 0 ማሳየት አለባቸው። በሚፈላ ውሃ የሚፈትን ሰው ግን በአረካ 100 እንዳይጠብቅ፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው።

ስለ ከፍታው አገር

ከላይ የተሰጡት የውሃ ሒሳቦች በባሕር ዳርቻም በደጋም አንድ ናቸው፤ ውሃ በከፍታ አይሳሳምና። አየር ግን ይሳሳል፤ ከዚህም የተነሣ በጅቡቲ ወደብ የወረደው ዕቃ አረካ ሲደርስ በሁለት ነገር ይለወጣል። የመጀመሪያው የመሳብ ችሎታው ነው። ፓምፕ ከጕድጓድ ውሃ የሚስበው የአየሩ ክብደት ከታች ስለሚገፋለት ነው፤ በባሕር ወለል የአየሩ ክብደት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያቆም ይችላል፤ በአረካ ከፍታ ግን 8.4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁሉም ፓምፕ ከዚህ ወሰን በታች ስለሚሠራ፥ በካታሎጉ 7 ሜትር ይስባል የተባለው በአረካ 5 ሜትር ቢስብ ነው። ይህን ሳይናገር የሸጠ ባለ ሱቅ ፓምፑ ተመልሶ ቢመጣበት አይደነቅ።

ሁለተኛው ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ማራገቢያ ነው። በአረካ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት በባሕር ወለል ካለው አምስት አራተኛው ሳይሆን ከአምስት አራት እጅ ያህል ስለ ሆነ፥ ማራገቢያው ያንኑ ያህል አየር ቢነፋም ተሸክሞ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ወለል ልክ 210 ኪሎዋት የተባለው መኪና በደጋ ስንት እንደሚያነሣ ፋብሪካው በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በሦስተኛው ምስክር ውስጥ የሚገባው ኪሎዋት የተጋነነ ይሆናል፤ ፍሰቱም ከእውነቱ በልጦ ይታያል።

በትእዛዙ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚገባው

እነዚህ ምስክሮች የሚናገሩት አስቀድሞ አፍ የተበጀላቸው እንደ ሆነ ነው። ከፓምፑና ከማቀዝቀዣው መኪና ግራና ቀኝ መለኪያ የሚሰካበት ትንሽ አፍ ከነቫልቩ፥ በመግቢያውና በመውጫው ቧንቧ ላይም ቴርሞሜትር የሚገባበት ኪስ እንዲበጅ በውሉ ይጻፍ። ቧንቧው በሚበየድበት ቀን ይህ ሁሉ የሚፈጀው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሕንፃው ከተከፈተና ቧንቧው በሙቀት መከላከያ ከተጠቀለለ በኋላ ግን ውሃውን ሁሉ አፍስሶ፥ መከላከያውን ቀዶ፥ ብየዳ ጠርቶ መሥራት ይመጣል።

አስመጪው ደግሞ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ከሚጠየቁት ሰነዶች ጋር የፓምፑ ግራፍ የመዘውሩ ስፋትና የመብራቱ ድግግሞሽ 50 መሆኑ ተጽፎበት፥ የማቀዝቀዣው መኪና የግፊት ሠንጠረዥም አብሮ እንዲቀርብ ያድርግ። ባንክ የሚከፍለው ሰነድ አይቶ ስለ ሆነ፥ በሰነዱ ዝርዝር ያልገባ ወረቀት ከተከፈለ በኋላ በደብዳቤ ቢለመን መምጣቱ ያጠራጥራል። ግራፉ የጠፋ ፓምፕ ግፊቱ ቢለካም ምን እንደሚል የሚተረጕምለት የለም።

በዚህ መንገድ የተገኘ ግምት ከእውነተኛው ከመቶ 10 ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። ፓምፕ ይታዘዝ ወይስ ወንፊት ይታጠብ ለሚለው ጥያቄ ይህ ይበቃል። ባለ ሕንፃው የቀዘቀዘውን ውሃ ለተከራዮች እየለካ በገንዘብ የሚሸጥ ሲሆን ግን አይበቃም፤ በዚያ ጊዜ እውነተኛ ቈጣሪ መግዛት ግድ ነው። ከቧንቧው ውጭ ታስሮ በድምፅ ሞገድ የሚለካ ቈጣሪም ስላለ፥ ልኬቱ ለአንድ ቀን ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው ከመግዛት ይልቅ መሣሪያው ካለው መሐንዲስ ጋር ተዋውሎ ማስለካት ይረክሳል።